የፈሳሽ ውፍረት የሚለኩ ጥቃቅን ሴንሰሮች፦ ለየትኛው ታንክ የትኛው?

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ፈሳሽ ሳሙና፣ ቀለም፣ ሙጫ ወይም የክር ስታርች የሚያዘጋጅ ሁሉ አንድ የጋራ ጥያቄ አለው። ባቹ (በአንድ ጊዜ የሚዘጋጀው ምርት) ደርሷል ወይስ ይቀረዋል? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ውፍረቱ ላይ ነው። ውፍረቱን ለማወቅ ደግሞ አሁንም ከሚክሰሩ በጆግ ተቀድቶ ወደ ላብራቶሪው (ላቡ) ይሮጣል። ሳምፕሉ ደርሶ፣ ተለክቶ፣ ውጤቱ በስልክ እስኪነገር ድረስ ሚክሰሩ መዞሩን አያቆምም። ቁጥሩ ሲመጣ ታንኩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሌላ ሆኖ ይጠብቃል።

ታንኩ ውስጥ ወይም ቱቦው ላይ ተተክለው ያለማቋረጥ የሚለኩ ትናንሽ ሴንሰሮች የሚፈለጉት ለዚህ ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆኑ አሉ፤ የጣት ርዝመት ያላቸውም አሉ። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ካታሎግ ሲከፈት ነው። ሁሉም ትክክለኛ ነው፣ ሁሉም ለማንኛውም ፈሳሽ ይሆናል፣ ሁሉም «ስህተቱ 1 በመቶ ብቻ» ይላል።

እኔ ከመቶኛው አልጀምርም። ሴንሰሩ የሚነካው ፈሳሽ ምን ያህል ነው? በምን ፍጥነት ይንቀጠቀጣል? እነዚህ ሁለቱ ሳይታወቁ መቶኛ ላይ መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

መጀመሪያ መስፈርቱ

*ፈሳሹ ሲማሰል ይቀጥናል ወይ?* ውሃ፣ ግሊሰሪንና ቀጭን ዘይት ቀስ ብለው ቢማሰሉም በፍጥነት ቢማሰሉም ውፍረታቸው ያው ነው። ቀለም፣ የወፈረ ፈሳሽ ሳሙና፣ ሙጫና የበሰለ ስታርች ግን እንደዚያ አይደሉም። በፍጥነት ሲነኳቸው ይቀጥናሉ፣ ሲተዋቸው ይወፍራሉ። ስለዚህ አንድ ቋሚ ቁጥር የላቸውም። የላቡ ስፒንድል (ፈሳሹ ውስጥ እየዞረ የሚለካው ዘንግ) በደቂቃ 20 ዙር እየዞረ በሺዎች የሚቆጠር ሴንቲፖይዝ (የውፍረት መለኪያ አሃድ) ያነበበበትን ሳሙና፣ በሰከንድ ከ30 ሺህ ጊዜ በላይ የሚንቀጠቀጥ ክሪስታል በጣም ቀጭን ነው ሊል ይችላል። ሁለቱም አልዋሹም። የእኛ አካባቢ ምርት አብዛኛው ከዚህኛው ወገን ስለሆነ፣ ይህ መስፈርት ከሁሉም ይቀድማል።

*ሙቀት።* ንጹሕ ግሊሰሪን በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1,400 ሴንቲፖይዝ ገደማ ነው። በ25 ዲግሪ ወደ 950 ይወርዳል። አምስት ዲግሪ ብቻ ሲሶውን በላችው ማለት ነው። አሁን ይህን ወደ ደብረ ብርሃን አምጡት። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የውርጭ ወቅት ውጭ ያደረ በርሜልና ቀትር ላይ የተከፈተ በርሜል አንድ ዓይነት ፈሳሽ ይዘዋል ብሎ የሚያምን የለም። ከመቶ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወበቅ ናት። ያው ፎርሙላ፣ ያው ሴንሰር፣ ሌላ ቁጥር። ስለዚህ የራሱ የሙቀት መለኪያ አብሮት የማይመጣ የውፍረት ሴንሰር በነፃ ቢሰጣችሁም አትውሰዱ። የሙቀት መለኪያው መቀመጥ ያለበትም እዚያው አፍንጫው ላይ ነው። ታንኩ ማዶ ከሆነ ዋጋ የለውም።

*አረፋና ከፍታ።* ደብረ ብርሃን ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ይህ ሁለት ነገር ያመጣል። አንደኛ፣ ከውጭ የመጣ የስታርች አሠራር «95 ዲግሪ አድርሱ» ካለ ክፍት ታንክ ውስጥ አይደረስበትም። መብሰሉን በሰዓትና በዲግሪ ሳይሆን በውፍረቱ መከታተል ግድ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሙቅ ፈሳሽ ፓምፑ በሚመጥበት በኩል ቶሎ አረፋ ያወጣል። አረፋ የነካው ሴንሰር ደግሞ ፈሳሹ የቀጠነ ይመስለዋል።

*የሚጣበቅ ነገር፣ የሚበላ ነገር።* ቅርፊት የሚሠራ ፈሳሽ ነው? በምን ይታጠባል? በኮስቲክ ሶዳ ከሆነ 316 ኤል የተባለው የማይዝግ ብረት በተለመደው የእጥበት ሙቀት ይችለዋል። በረኪና ያለበት ምርት ከሆነ ግን ያው ብረት ቀስ በቀስ ነጠብጣብ እያወጣ ይበሳሳል። እንደ ሃስቴሎይ ያለ ቅይጥ መጠየቅ ያኔ ነው።

*ማን ይጠግነዋል?* መልሱ «አዲስ አበባ ደውለን» ከሆነ ይቻላል፣ 130 ኪሎ ሜትር ነው። መልሱ «ወደ አምራቹ መልሰን ልከን» ከሆነ ግን ወራትና የውጭ ምንዛሪ ጨምራችሁ አስቡ።

ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት፦ የሚክሰሩ ሞተር

ይህ ጥቃቅን ሴንሰር አይደለም፣ ግን ካልጠቀስኩት ንጽጽሩ ይጎድላል። ገንፎ የምታገነፋ እናት ውፍረቱን የምታውቀው ማማሰያው እጇ ላይ በሚያሳርፈው ክብደት ነው። የሚክሰር ሞተርም እንዲሁ ነው፤ ፈሳሹ ሲወፍር የሚስበው ጉልበት ይጨምራል። ሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ኢንቨርተር ካለው ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። ማንም አያየውም እንጂ።

ሁኔታ አለው። ማማሰያው የታንኩን ግድግዳ ተጠግቶ የሚጠርግ ሰፊ ዓይነት ከሆነና ፈሳሹ ወፍራም ከሆነ ጉልበቱ ከውፍረቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ትንሽ ፕሮፔለር ቀጭን ፈሳሽ ውስጥ እየተንደቀደቀ ከሆነ ግን ጉልበቱ ስለ ውፍረት ምንም አይነግራችሁም። የታንኩ ሙላትና የዙሩ ፍጥነትም በየባቹ አንድ መሆን አለባቸው። እነዚህን ካሟላችሁ የምታወጡት ወጪ የኤሌክትሪሻን የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ኳርትዝ ሹካ

የእጅ ሰዓት ውስጥ ያለችው ክሪስታል ናት። ሁለት ጣት ያላት ጥቃቅን ሹካ፣ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የምትንቀጠቀጥ። በትንሽ የብረት ቆብ ውስጥ አየር በሌለበት ታሽጋ ትሸጣለች። ቆቡ ተነስቶ ፈሳሽ ውስጥ ስትገባ መንቀጥቀጧ ይዘገያል፣ ይደክማልም። ከዚያ ውፍረቱ ይሰላል። ክሪስታሏ ራሷ ከአንድ ዶላር በታች ነች። ወጪው ያለው አብሯት በሚሠራው ኤሌክትሮኒክስ ላይ ነው።

ለቀጭን ዘይት፣ ለሶልቨንት (ማሟሟያ ፈሳሽ)፣ ለናፍጣና ለቅባት አሪፍ ነች። የሞተር ዘይት ሁኔታ የሚከታተሉ በዚህ መንገድ የተሠሩ ሴንሰሮች ገበያ ላይ አሉ። ጨው ያለበት ፈሳሽ ውስጥ ግን ኤሌክትሮዶቿ በፈሳሹ በኩል ይገናኛሉ። መከላከያ ሽፋን ያስፈልጋታል፤ ሽፋኑ ደግሞ ንባቡን ይቀይራል። ሁለት ጣቶቿ መሃል ቃጫ ወይም የቀለም ጉብታ ከገባ አለቀ።

ሌላም ነገር አለ። ውሃ ውስጥ ስትንቀጠቀጥ እንቅስቃሴዋ የሚደርሰው 3 ማይክሮ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የማይክሮ ሜትር አንድ ሺህ እጥፍ ነው ሚሊ ሜትር። እሷ የምትነግራችሁ ስለዚያች ስስ ሽፋን እንጂ ስለ 2,000 ሊትሩ አይደለም።

ኳርትዝ ዲስክ

ሳንቲም የምታህል ክብ ክሪስታል ስትሆን የምትንቀጠቀጠው በሰከንድ 5 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ነው። ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ1959 ሳወርብሬ በተባለ ጀርመናዊ ቀመር፣ ጥቃቅን ክብደት በመመዘን ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ካናዛዋና ጎርደን የተባሉ ተመራማሪዎች ለፈሳሽ የሚሆነውን ቀመር አወጡ። በቀመሩ መሠረት አንድ ፊቷ ብቻ ውሃ ሲነካ የ5 ሚሊዮኑ ክሪስታል በሰከንድ 700 ያህል ንዝረት ትዘገያለች። ይህን የሚያህል ስሜት ማንም የለውም።

ስሜቷ ግን ጣጣዋም ነው። እንቅስቃሴዋ ውሃ ውስጥ የሚደርሰው ሩብ ማይክሮ ሜትር ነው። ፊቷ ላይ የተለጠፈችን ስስ የሳሙና ሽፋን ከውፍረት ለውጥ መለየት አትችልም። ፈሳሹ በጣም ሲወፍር ደግሞ ትታፈናለች። እውነቱን ለመናገር፣ ይህችን ለፋብሪካ ወለል ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ሰው ካለ ቡና ጋብዛችሁ ሸኙት። ቦታዋ የዩኒቨርሲቲ ላብ ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኬሚስትሪ የሚሠራ ተመራማሪ ሽፋን ሲሠራ ወይም ፖሊመር ሲያድግ ማየት ከፈለገ፣ እሱን ተዉት፣ ይግዛ።

ጠባብ መተላለፊያ ያለው ቺፕ

ሐሳቡ ቀላል ነው። ፈሳሹ በማይክሮ ሜትር በሚለካ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ በታወቀ ፍጥነት ይገፋል። መግቢያና መውጫው አካባቢ ያሉ ጥቃቅን የግፊት መለኪያዎች ልዩነቱን ያነባሉ። ወፍራም ፈሳሽ የበለጠ ግፊት ይፈልጋል።

ትልቁ ብልጫው የሚሰጠው ቁጥር እውነተኛ ውፍረት መሆኑ ነው፤ ፈሳሹ በምን ፍጥነት እንደተገፋ ጭምር ይታወቃል። ፍጥነቱን ቀይራችሁ ሲማሰል እንዴት እንደሚቀጥን መሳል ትችላላችሁ። ሳምፕሉም ጠብታ ያህል ይበቃዋል።

ጉዳቱ ሒሳቡ ውስጥ ተደብቋል። ግፊቱ የሚወሰነው በመተላለፊያው ቁመት ሦስተኛ ኃይል ነው። ግድግዳው ላይ ቅርፊት ይዞ ቁመቱ 5 በመቶ ቢጠብ ንባቡ 17 በመቶ ገደማ ያሻቅባል። ቀለም ውስጥ ያለ ያልተፈጨ ዱቄት ደግሞ ጭራሽ ይደፍነዋል። ማጣሪያ፣ ትንሽ ፓምፕ፣ የማጠቢያ ፈሳሽ፣ የሚለወጥ ቺፕ… ለላብ ምርጥ ነው። ለተጣራና ንጹሕ ለሆነ ፈሳሽ ከመስመሩ በጎን ተቀድቶ ሊሠራ ይችላል። ለሌላው እምቢ በሉ።

የሚንቀጠቀጥ የብረት ፕሮብ

ከጥቃቅኖቹ ውስጥ ግዙፉ ይህ ነው። የጣት ያህል የብረት ዘንግ ወይም ሹካ ነው። ቱቦው ወይም ታንኩ ላይ በፍላንጅ (በብሎን በሚታሰር የብረት ቀለበት) ይታሰራል። በሰከንድ ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ጊዜ ይንቀጠቀጣል ወይም ወዲያና ወዲህ ይጠማዘዛል። የሚዞር ነገር፣ የሚያልቅ ኩሽኔታ የለውም።

ዝግ ማለቱ ነው ጥቅሙ። ፈሳሹ 1,000 ሴንቲፖይዝ ቢሆንና ፕሮቡ በሰከንድ 1,000 ጊዜ ቢንቀጠቀጥ፣ እንቅስቃሴው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ዘልቆ ይገባል። ከኳርትዝ ዲስኳ ጋር ሲተያይ ይህ ሰፊ አገር ነው። ስስ የሳሙና ሽፋን አያታልለውም። ወፍራም ቅርፊት ግን ያታልለዋል፣ ስለዚህ በየጊዜው መታጠብ አለበት።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ብዙዎቹ ፕሮቦች የሚለኩት ውፍረትን ለብቻው ሳይሆን ውፍረትን በእፍጋት (ዴንሲቲ) አባዝተው ነው። እፍጋቱ የሚቀያየር ፈሳሽ ከሆነ ሁለቱንም ለይቶ የሚያነብ ሹካ ጠይቁ። የጎረቤት ፓምፕ ንዝረትም ቀጥ ብሎ የሚወዛወዘውን ይረብሸዋል። የሚጠማዘዘው ዓይነት በዚህ በኩል ይሻላል።

ጨው የሚያወፍረው ሳሙና

እስካሁን ያልኩትን ሁሉ አንድ ታንክ ላይ ልሞክረው። በአካባቢያችን በየጓሮው እየተሠራ ያለው ፈሳሽ ሳሙና ነውና።

ኤስ ኤል ኢ ኤስ የሚባለው ሊጥ መሰል ጥሬ ዕቃ በውሃ ይሟሟል። ቀጭን ነው። ከዚያ ጨው ይገባል። ሠራተኛው ባልዲ ውስጥ ያሟሟውን ጨው በጆግ ያፈሳል፣ ያያል፣ ደግሞ ያፈሳል። ፈሳሹ መክበድ ይጀምራል። የሳሙናው ጥቃቅን እንክብሎች በጨው ኃይል እየረዘሙ እንደ ክር ይጠላለፋሉና። ግን ጫፍ አለው። ጫፉን ካለፉ በኋላ የሚጨመር ጨው መልሶ ያቀጥነዋል። ጉዱ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። «ቀጠነ እኮ!» «ጨው ጨምርበት!» ተጨማሪ ጆግ ይገባል፣ ይብስ ይቀጥናል፣ በመጨረሻም ይደፈርሳል። ባቹን ለማዳን ያለው መንገድ ሌላ ጨው የሌለው ባች ሠርቶ መቀላቀል ነው።

እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ትክክለኛ ቁጥር አይደለም። የሚያስፈልገው ከርቩ (የውፍረቱ መስመር) እየወጣ ነው ወይስ መውረድ ጀምሯል የሚለው ነው። ኳርትዝ ሹካና ዲስክ እዚህ ይወድቃሉ። በዚያ ፍጥነት ሲነቀነቁ የተጠላለፉት ክሮች ለመተጣጠፍ ጊዜ አያገኙም፤ ክሪስታሏ የሚሰማት በአብዛኛው በመሃላቸው ያለው ውሃ ነው። ቺፑን ደግሞ በየባቹ ማጠብ አሰልቺ ነው። የብረት ፕሮቡ ከርቩን ያሳያል፣ ምንም እንኳ ቁጥሩ ከላቡ ስፒንድል ቢያንስም። ሰፊ ማማሰያ ያለው ሚክሰር ካላችሁ ግን የሞተሩ ጉልበት ከሁሉም በተሻለ ያሳየዋል። ለዚህ ሥራ ውድ ክሪስታል መግዛት ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

በአንድ ገጽ ሲታይ

የብር ዋጋ አልጻፍኩም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ የሚወሰን ስለሆነ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይሸውዳችኋል።

| አማራጭ | የሚስማማው | የማይሆነው | የሚደርስበት ጥልቀት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| የሚክሰር ሞተር ጉልበት | ወፍራም ሳሙና፣ ሙጫ፣ ስታርች | ቀጭን ፈሳሽ፣ ትንሽ ፕሮፔለር | ታንኩ በሙሉ | ከሞላ ጎደል የለም |
| ኳርትዝ ሹካ | ቀጭን ዘይት፣ ሶልቨንት፣ ናፍጣ | ጨዋማ ፈሳሽ፣ ጉብታና ቃጫ ያለው | ጥቂት ማይክሮ ሜትር | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| ኳርትዝ ዲስክ | ምርምር፣ ስስ ሽፋን | የፋብሪካ ወለል | ከ1 ማይክሮ ሜትር በታች | ከፍተኛ |
| ጠባብ መተላለፊያ ቺፕ | ላብ፣ የተጣራ ፈሳሽ | ቀለም፣ ቅርፊት የሚሠራ | መተላለፊያውን በሙሉ | ከፍተኛ፣ ቺፑም ይለወጣል |
| የብረት ፕሮብ | ሳሙና፣ ቀለም፣ ሙጫ፣ ሬዚን | በረኪና (ብረቱ ካልተቀየረ) | እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ | ከፍተኛ፣ ግን አንዴ |

ለማን የትኛው?

በጥቂት መቶ ሊትር በርሜል ሳሙና የምትሠሩ ማኅበራት፦ ሴንሰር አትግዙ። ታች ቀዳዳ ያለው የመለኪያ ስኒ፣ ቴርሞሜትርና ሰዓት ይበቃችኋል። ስኒው ባዶ እስኪሆን ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ጻፉ። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሙቀት ለኩ። የበረታ ኪስ ካለ የቀረውን ለኢንቨርተር አውሉት።

መካከለኛ ፋብሪካ፣ አንድ ዋና ታንክ፣ በየቀኑ ተመሳሳይ ምርት፦ ከሞተሩ ጀምሩ። ያልበቃ እንደሆነ አንድ የብረት ፕሮብ። ሁለት ርካሽ ሴንሰር ከመግዛት አንድ ጥሩ ገዝቶ የታንኩን የሙቀት ጃኬት (ታንኩን የሚያሞቀውን ወይም የሚያቀዘቅዘውን ድርብ ግድግዳ) ማስተካከል ይሻላል። የሙቀት መቆጣጠሪያው የተበላሸ ታንክ ላይ ሴንሰር መትከል ገንዘብ መድፋት ነው።

የክር ስታርች የምታበስሉ የጨርቃ ጨርቅ ሰዎች፦ የብረት ፕሮብ፣ ከማብሰያው ወጥቶ ወደ ክሩ በሚሄደው መስመር ላይ። 91 ዲግሪ ላይ እየፈላ መብሰል አለመብሰሉን የሚነግራችሁ እሱ ነው። ስታርች ሲደርቅ ስለሚጋገር መስመሩ በቆመ ቁጥር በሙቅ ውሃ ይታጠብ።

የቀለም ሬዚን የሚያበስል ካለ፦ ከ220 ዲግሪ በላይ ላለ ሙቀት የተሠራ የብረት ፕሮብ ብቻ። እዚያ የሚፈራው ድንገት መርጋት ነው። ማንቂያውን በውፍረቱ ልክ ሳይሆን በሚጨምርበት ፍጥነት ላይ አድርጉት።

ቅባትና ነዳጅ የሚያከማቹ፣ ጄኔሬተር የሚያስተዳድሩ፦ ኳርትዝ ሹካ። ሌላ አያሻችሁም።

ሲተከልና ሲገዛ

ፕሮቡን ከፓምፑ በኋላ፣ ግፊት ባለበት በኩል ትከሉት። በሚመጥበት በኩል ከሆነ አረፋ ይቀልድበታል። ቱቦው አግድም ከሆነ ከጎን እንጂ ከላይ አይግባ፣ አየር የሚሰበሰበው ላይ ነውና። ታንክ ውስጥ ከሆነ ማማሰያው የማይደርስበት ግን ፈሳሹ የማይተኛበት ቦታ ፈልጉ። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ኤሌክትሮኒክሱን የሚያቃጥል ስለሆነ በትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ ያለው መሣሪያ) ይመገብ። ውጤቱን በ4–20 ሚሊ አምፔር የኤሌክትሪክ ሲግናል የሚያወጣ ምረጡ። ይህን የማያነብ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ እምብዛም የለም፣ የሚያውቀው ቴክኒሻንም አይጠፋም።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የላቡን ስፒንድል አትተዉት። ጎን ለጎን መዝግቡ። የሁለቱ ቁጥር አይገጥምም፣ አይጠበቅምም። አንዱ ሲወጣ ሌላውም አብሮ ከወጣ ሴንሰሩ ሥራውን እየሠራ ነው። «የኛ 4,000 እዚህኛው ላይ ስንት ነው?» የሚለውን ከዚያ መዝገብ ታወጣላችሁ።

ለሻጩ የምታቀርቡት ጥያቄ ብዙ አይደለም። በሰከንድ ስንት ጊዜ ይንቀጠቀጣል? ውፍረትን ብቻ ነው የሚለካው ወይስ ከእፍጋት ጋር? የሙቀት መለኪያው የት ነው? ስታንዳርድ ፈሳሽ (ውፍረቱ አስቀድሞ የታወቀ) አብሮ ይመጣል? ከዚያ የራሳችሁን ምርት አንድ ሊትር ስጡትና ፊታችሁ ላይ ይለካላችሁ፤ አንዴ በቀዝቃዛው፣ አንዴ አሙቃችሁ። በውሃ ብቻ አሳይቶ ሊያስፈርማችሁ ከፈለገ ፊርማችሁን ያዙ።